የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት
የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ በነቀምቴ ከተማ የሚገኝ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ታሪካዊ ግቢ ነው። የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች መኖሪያ ነበር። ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ በሰላም ስለገቡ አገራቸውን በግብር ማስተዳደር ቀጠሉ፤ ልጃቸው ኩምሳም ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ።

ግቢው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። በኋላ ታድሶ ለጎብኚዎች ተከፍቷል። ከግቢው ታሪክ የተረፉት ሕንፃዎቹ ብቻ አይደሉም፤ በገዥዎቹ ዘመን የተጻጻፉ የአማርኛ ደብዳቤዎች በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታአ ተሰናድተው እ.ኤ.አ. በ2004 በመጽሐፍ ታትመዋል። ቤተ መንግሥቱ ገዥዎቹ የት እንደኖሩ ሲያሳይ፣ ደብዳቤዎቹ ደግሞ አገሩ እንዴት ይተዳደር እንደነበር ይናገራሉ። በከተማው የወለጋ ሙዚየምም ይገኛል።