የሚፈስ ውሃና የሚጓዝ መንጋ፦ የጋምቤላን ዱር በሚለዋወጥ የአየር ንብረት ውስጥ መጠበቅ

በጋምቤላ ከተማ መሃል የሚያልፈውን ባሮ ከድልድዩ ላይ ቆሞ በጥርና በነሐሴ ለተመለከተ ሰው ወንዙ አንድ አይመስልም። በጥር ውሃው ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ አሸዋው ይገለጣል፤ ጎርፉ ለቆት በሄደው እርጥብ ዳርቻ ላይ የአኝዋሃ ገበሬዎች የዘሩት በቆሎ ያድጋል። በነሐሴ ያ ማሳ በድፍርስ ውሃ ሥር ነው። በቆሎውን ያበቀለው የዚያው ጎርፍ ደለል ነው፤ ዘሩም የሚዘራው ጎርፉ መጥቶ ሲመለስ ነው። አኝዋሃዎች ኦፔኖ በሚሉት በዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ገበሬ የወንዙን መዋዠቅ እንደ አደጋ ብቻ አይቶት አያውቅም፤ ኑሮው የተመሠረተው በዚያ ላይ ነውና።

የዱር እንስሳቱም ኑሮ እንደዚሁ ነው። በዚህ መጣጥፍ የማቀርበው ክርክር አንድ ነው፦ በጋምቤላ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር በካርታ ላይ የታጠረ መሬት ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው፤ የውሃው ከዳርቻው መውጣትና መመለስ፣ የመንጋውም ድንበር ተሻግሮ መሄድና መመለስ። የአየር ንብረት ለውጥ ይህን እንቅስቃሴ የበለጠ ተፈላጊ አድርጎታል። የእኛ የመሬት አስተዳደርና የጥበቃ ሕግ ግን ዛሬም በአብዛኛው ውሃውም እንስሳውም በአንድ ቦታ ይቀመጣሉ በሚል ግምት የተሠራ ነው።

ሜዳው እንዴት ይሠራል

ባሮ የሚወለደው ከጋምቤላ ምሥራቅ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በሸካ ደጋዎች ነው። ብርብርና ገባ ተገናኝተው ዋናውን ወንዝ ይፈጥራሉ። ጎሬ አካባቢ መሬቱ ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ሲኖረው ጋምቤላ ከተማ በ500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወንዙ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይወርደዋል። ከከተማዋ ወዲያ ግን ሜዳው እጅግ ለጥ ያለ በመሆኑ ውሃው ፍጥነቱን ያጣል። በክረምት ከደጋው በብዛት ሲመጣ የወንዙ ዳርቻ ሊይዘው አይችልም፤ ግራና ቀኝ ይተኛል። ከፊሉ ወደ ማቻር ረግረግ ይሄዳል፤ የተረፈው ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆንና ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ጊሎ፣ አልዌሮና አኮቦም በየራሳቸው መንገድ ያንኑ ሜዳ ያጠጣሉ።

ሜዳውን የሸፈነው ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬ መረሬ የሚለው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲርስ ያብጥና ስንጥቁን ይደፍናል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም። ስለዚህ ዝናብም ጎርፍም ላዩ ላይ ይተኛል። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ዓሣ በውሃ በተሸፈነው ሣር መሃል ይራባል። ከነጭ ዓባይ ጋር በተያያዙት የኢትዮጵያ ወንዞች ከ100 በላይ የዓሣ ዝርያዎች መመዝገባቸው በአገራችን ካሉት ተፋሰሶች ሁሉ ባሮን ቀዳሚ የሚያደርገው ነው፤ የዚህም አንዱ ምክንያት ይኸው የጎርፍ ሜዳ ነው። ውሃው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሸሽ ረጅሙ ሣር ይደርቃል፤ ሰው እሳት ይለቅበታል፤ እርጥበት ከቀረበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ግን አጭር ለጋ ሣር ያቆጠቁጣል። በበጋ ለሣር በል እንስሳ በሕይወት የመቆየትና ያለመቆየት ጉዳይ የሚወሰነው በዚህ ለጋ ሣር ነው።

ጎርፉን እንደ ጠላት የሚያየው የዕቅድ ቋንቋችን ይህን አይመዘግብም። በሪፖርቶች ላይ ጎርፍ ያወደመው ሄክታርና ያፈናቀለው ሰው ይቆጠራል፤ መቆጠሩም ተገቢ ነው። ጎርፉ ያበቀለው ሣር፣ ያራባው ዓሣ፣ የሞላው ኩሬ ግን የትም አይጻፍም።

የሚሄደው ተረፈ

ነጭ ጆሮ ቆርኬ መካከለኛ ቁመት ያለው አጋዘን መሰል እንስሳ ነው። ሴቷ ቀላ ያለ ቡናማ ናት፤ የጎለመሰው ወንድ ግን ጥቁር ይሆናል፤ በጥቁሩ ላይ የጆሮዎቹና የዓይኖቹ ዙሪያ ነጭ ጎልቶ ይወጣል። በደቡብ ሱዳን ቦማ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ፍሪክሰል ያካሄዳቸው ጥናቶች የዚህን እንስሳ ጉዞ ምክንያት ግልጽ አድርገዋል፦ በበጋ ውሃና ለጋ ሣር ወዳለበት ረግረግ ይቀርባል፤ በክረምት ሜዳው ሲጥለቀለቅ ወደ ደረቁ መሬት ይወጣል። ብዙ እንስሳት የሚሞቱት በበጋው መጨረሻ፣ ምግብ ሲያጥር ነው። ጉዞው እንግዲህ ከረኃብም ከጎርፍም ማምለጫ ነው።

ይህ መንጋ የኢትዮጵያም ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የአፍሪካ ቀንድ የአካባቢ ማዕከልና ኔትወርክ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በጋምቤላ ቆርኬዎች አንገት ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ኦሪክስ በተባለው የጥበቃ ሳይንስ መጽሔት ሲወጣ እንስሳቱ በዓመት በአማካይ 860 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚጓዙ አሳየ። ከዚያ በፊት በአፍሪካ ረጅሙ ተብሎ የተመዘገበው የናሚቢያና የቦትስዋና የሜዳ አህዮች ጉዞ ደርሶ መልስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የእኛው ቆርኬ ከዚያ በልጦ መገኘቱ በአገር ውስጥ የሚገባውን ያህል አልተነገረም ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የበለጠ ትኩረት የሚሻው እ.ኤ.አ. በ2023 የተደረገው የአየር ላይ ቆጠራ ነው። የቦማና የባዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርኮችን እ.ኤ.አ. በ2022 ከደቡብ ሱዳን መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት ማስተዳደር የጀመረው አፍሪካን ፓርክስ ከ120 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አካባቢ በአውሮፕላን አስቃኝቶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ግምቱን ይፋ አደረገ፦ በጠቅላላው ስድስት ሚሊዮን የሚጠጋ ተጓዥ እንስሳ፤ ከዚህ ውስጥ አምስት ሚሊዮን ገደማው ነጭ ጆሮ ቆርኬ፣ ሌላው ቲያንግ፣ ሞንጋላ ጋዜልና ቦሆር ነው። በዓለም ላይ ይህን የሚያህል የየብስ አጥቢ እንስሳት ጉዞ አይታወቅም። የዚያው ቆጠራ ሌላ ገጽታ ግን አሳዛኝ ነው፤ ብዙም ርቀው የማይሄዱት ትልልቅ እንስሳት ከ40 ዓመት በፊት ከነበሩበት ቁጥር በእጅጉ ወርደዋል።

በዚያ ሁሉ የእርስ በርስ ጦርነትና የመሣሪያ ጋጋታ መካከል የተረፈው የሚሄደው ነው። መንጋው ሰፊና ውሃ የተኛበት፣ መንገድ የሌለው ሜዳ ነበረው፤ አዳኝ ተከታትሎ አይደርስበትም ነበር። መንገድ ሲከፈት፣ ሞተር ብስክሌት ሲገባ፣ የጫካ ሥጋ ገበያ ሲሰፋ ይህ ከለላ ይሳሳል። ቁጥሩ ስድስት ሚሊዮን ስለሆነ ጉዳዩ አያስቸኩልም የሚል ሰው ካለ የሰሜን አሜሪካን ጎሽ ያስታውስ፤ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው መንጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሺህ በታች የወረደው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ነበር።

ካርታውና ውሃው

የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ሲሆን መነሻው ነጭ ጆሮ ቆርኬን፣ ናይል ሌችዌን፣ ዝሆንንና ሹቢል የተባለውን ትልቅ መንቁር ወፍ መጠበቅ ነበር። ስፋቱ 5,061 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ኖረ፤ ወሰኑ እንደገና ሲከለል ወደ 4,575 ወረደ። ለአሥርት ዓመታት ፓርኩ ጠንካራ የሕግ መሠረት ሳያገኝ ቆይቷል። በዚህ መሃል በደርግ ዘመን በሶቪየት እርዳታ የአልዌሮ ግድብ ተሠራ፤ በኋላም ሳዑዲ ስታር የተባለው ኩባንያ ለሩዝ 10 ሺህ ሄክታር ወሰደ።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው የካሩቱሪ ጉዳይ ነው። የህንዱ ኩባንያ በ100 ሺህ ሄክታር ላይ፣ በከፊል ከፓርኩ ክልል ጋር በተደራረበ መሬት፣ ለሄክታር በዓመት 20 ብር እየከፈለ እንዲያለማ ውል ገባ። መሬቱ በወረቀት ላይ «ባዶ» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን ባሮ ሞልቶ ኩባንያው የሠራውን መከላከያ ጥሶ በሺዎች ሄክታር ላይ የነበረውን በቆሎ አጠፋ። ውሉ በኋላ በመንግሥት ተሰረዘ። ውድቀቱን በአስተዳደርና በገንዘብ ችግር ብቻ የሚያስረዱ አሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የተሳተው የቦታው ጠባይ ነው እላለሁ። ያ መሬት ባዶ ሳይሆን ወንዙ በየዓመቱ የሚተኛበት፣ ኑዌሮች በበጋ ከብት የሚያወርዱበት፣ ቆርኬ የሚያልፍበት ቦታ ነበር። ኢታንግ ላይ ያለ ማንኛውም ሽማግሌ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ያውቃል፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

ስደተኛ ጣቢያዎቹም ተመሳሳይ ታሪክ አላቸው። ጋምቤላ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ታስተናግዳለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ሌይቹዎር ላይ የተቋቋመው ጣቢያ በዚያው ክረምት በጎርፍ ተጥለቅልቆ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ነበረባቸው። ጣቢያዎች ወደ ከፍታው ሲወጡ ደግሞ የማገዶ ፍላጎቱ ደን ባለበት መሬት ላይ አረፈ። ስደተኛውን መውቀስ አይገባም፤ ቦታውን የመረጠው እርሱ አይደለም።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ባሮ ወደ ጋምቤላ ከተማ ገባ፤ ላሬን፣ ኢታንግንና ጂካዎን ጨምሮ በወንዙ ዳር ያሉ ወረዳዎች ተጥለቀለቁ፤ በክልሉ በርካታ ሰው ተፈናቀለ። የአየር ንብረት ሞዴሎች በምዕራብ ኢትዮጵያ አጠቃላይ የዝናብ መጠን ላይ እርስ በርስ አይስማሙም። በሁለት ነገር ግን ይስማማሉ፦ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ በኃይል ይወርዳል። በተግባር ይህ ማለት ከፍ ያለ ጎርፍና የጠነከረ በጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊፈራረቁ ይችላሉ ማለት ነው። ጎርፉ ርቆ ሲሄድ እንስሳው ርቆ መሸሽ አለበት፤ በጋው ሲጠነክር የሚያድነው ረግረግ ያንሳል። ሰውና ከብትም ወደዚያችው ጥቂት ውሃና ወደዚያችው ጥቂት ከፍታ ይሄዳሉ። ድሮ አኝዋሃው ከወንዙ ዳር፣ ኑዌሩ ከሰፊው ሜዳ ሲኖሩ ቆላ ዝንቡና የሚያመጣው ገንዲ ከብቱን ከጫካው ዳር ያርቅ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ተቀራርቧል። በዚህ ክልል የመሬት ግጭት ምን እንደሚያስከትል የምናውቅ ሰዎች የረግረጉን ጉዳይ ከሰላም ጉዳይ ለይተን ማየት አንችልም።

መፍትሔው ከፓርኩ ውጭ ይጀምራል። የባሮ ውሃ የሚጠራቀመው በሸካና በያዩ ደኖች፣ የጊሎ ደግሞ በመዠንግር አካባቢ ነው። ያዩ፣ ሸካና መዠንግር በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ላይ ሰፍረዋል፤ የመዠንግሩ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እነዚህ ደኖች የሚጠበቁት ለቡናውና ለማሩ ተብሎ ብቻ ከሆነ ዋናው ነገር ይቀራል፤ ዝናቡን ይዘው ቀስ ብለው የሚለቁት ለጋምቤላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የባሮ አኮቦ ተፋሰስ ማስተር ፕላን በላይኛው ወንዝ ላይ ግድቦችን ያቅዳል። ኤሌክትሪክ ያስፈልገናል፤ ግድብ ይሠራ። ግን የሚሠራው ግድብ የክረምቱን ጎርፍ ሙሉ በሙሉ ይዞ ዓመቱን ሙሉ እኩል ውሃ የሚለቅ ከሆነ ታች ያለው ሜዳ ረግረግነቱን ያጣል። በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም የተወሰነ ጎርፍ እንዲለቀቅ ደንቡ ከግድቡ ንድፍ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።

በታችኛው ሜዳ ደግሞ ከፓርኩ ወሰን በፊት የጎርፉ ወሰንና የመንጋው መንገድ በካርታ ይውጡ። የሳተላይቱ መረጃ አለ፤ የሽማግሌዎቹ ዕውቀትም አለ። በዚያ ክልል ውስጥ የውሃ ሽሽት እርሻ፣ የበጋ ግጦሽና ዓሣ ማስገር ይቀጥሉ፤ መከላከያ ግንብ፣ አጥርና ቋሚ ሰፈር ግን አይፈቀዱ። በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን መካከል የቦማ ጋምቤላ አካባቢ በኢጋድ ጥላ ሥር ሲጠና ቆይቷል፤ አሁን የሚያስፈልገው አዲስ ጥናት ሳይሆን ቦማ ያለው ጠባቂና ጋምቤላ ያለው ጠባቂ መንጋው ድንበር ሲሻገር የሚነጋገሩበት ቋሚ ስምምነት ነው። የጋምቤላ ክልል መሬት ቢሮ ቀጣዩን የኢንቨስትመንት ውል ከመፈረሙ በፊት በቦታው ላይ ውሃው በነሐሴ የት እንደሚደርስ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ውስጥ ያስገባ።