የጨንቻ የወል ግጦሽና የሣሩ ስብጥር

ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኘው ጨንቻ፣ አርባ ምንጭ ሳትቆረቆር የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ እንደነበረች ይታወቃል። ከከተማይቱ ታሪክ ይልቅ ዕድሜ ያለው ግን በዙሪያዋ የኖረው የወል ግጦሽ ነው።

ይህ መስክ ለእንግዳ ዓይን ጦሙን ያደረ መሬት ቢመስልም የእርሻው ሁሉ መሠረት ነበር። ከብቱ ቀን ሲግጥ ውሎ ማታ ቤት ይገባል፤ ሌሊት የሚጥለው እበት ወደ ጓሮው እንሰትና ወደ ገብሱ ማሳ ይወሰዳል። የመስኩ ሣር በዚህ መንገድ የሰው ምግብ ሆኖ ይመለሳል። መስኩን የሚጠብቀውም አጥር ሳይሆን ሕግ ነበር። የየደሬው ሕዝብ «ዱቡሻ» በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ተሰብስቦ ስለ ወል ጉዳዩ ይመክራል፤ ደንብ የጣሰ ሰው «ጎሜ» እንደሚደርስበት ይታመናል። ሣርም ራሱ የዕርቅ ምልክት ነው፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሣሡትን ወጣቶች የመለሱት ለምለም ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው ነበር።

የእንዲህ ያለ መስክ ሀብት የብዙ ዕፀዋት ጉርብትና ነው። በደጋው ከሣር ጋር የሚበቅለው ማጌት፣ በሥሩ እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያለማል፤ መኖውንም በፕሮቲን ያዳብራል። የውጭ አገር ምርምርም ይህንኑ ያጠናክራል። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ በሚካሄደው ሙከራ፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያ በብዛት በሚሰጠው መደብ ላይ ዕፀዋቱ ወደ ጥቂት ዓይነት ወርደዋል። በአሜሪካ ሚኔሶታ ደግሞ ቲልማንና ዳውኒንግ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ የዕፀዋት ዓይነት የበዛበት መስክ የ1988ን ድርቅ በተሻለ ሁኔታ መቋቋሙንና ፈጥኖ ማገገሙን አስታውቀዋል።

የገጠር መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ፣ አስተዳደሩ ወደ ገበሬ ማኅበራት ተላለፈ፤ የአባቶችም ሥልጣን ደከመ። የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ከወል መስኩ ከፊሉ ታረሰ። እርሻው ቢሰፋም ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ ያንሳል፤ ከብቱ ሲያንስ እበቱ ይጎድላል፤ በመጨረሻም እንሰቱ ራሱ ይራባል።

ስለሆነም የተጎዳ መስክ ለማልማት የሚነሣ ባለሙያ አንድ የተሻሻለ ሣር በመዝራት ብቻ የጠፋውን አይተካም። ማጌቱና ነባሩ ሣር በአንድነት እንዲመለሱ ማድረግ፣ የመስኩንም ሕግ ከዱቡሻው ሽማግሌዎች ጋር መምከር ይገባዋል። ስብጥሩን ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ያ ሕግ ነውና።