ጣሪያውን ማን ይጠግነው?

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ ባልዲ እና የታመነ አናጢ። ባልዲው አይጠፋም። ሁለተኛው ለምን እንዲህ ብርቅ እንደሆነብን ለማወቅ ግን ትንሽ ወደኋላ መሄድ ግድ ይለናል።

ጣሪያ ሁሉ ሳር በነበረበት ዘመን ጥያቄው ራሱ አልነበረም። ቤት የሚከደነው በደቦ ነው፤ ባለቤቱ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፣ ጎረቤት ወጥቶ ይከድናል። ካፈሰሰ ከዳኙ ማን እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። እሱም ነገ ለራሱ ጎጆ ደቦ መጥራቱ አይቀርምና የት ይደበቃል? (እኛ እስካሁን ከዚህ የበለጠ ዋስትና አላየንም።)

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከባድ ዕቃ ከወደብ ማምጣት ቀለለ። ሳር ክዳን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ደግሞ ከተማው በየካቲት 1929 ዓ.ም. አየ፤ ፋሺስቶቹ ቤንዚን እያርከፈከፉ ጎጆዎችን ከነሰዎቻቸው አቃጠሉ። ቆርቆሮ ግን ደቦ አያውቅም። የሚመታው ገንዘብ ተከፍሎት ነው፤ ሰውየውም ሒሳቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ነገሩ የባሰው ግን በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ኪራይም ተቀነሰ። ለተከራይ እፎይታ ነበር፣ አንክድም። ጣሪያው ግን ባለቤት አጣ! ቀበሌ የሚሰበስበው ጥቂት ብር እያደር አንድ ቆርቆሮ እንኳ የማይገዛ ሆነ። ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከበደው። እናም ላስቲክ ተወጠረ፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጫነበት። ለጥገና የሚጠራው በሰፈሩ ከተገኘው ሁሉ ርካሹ ሰው ነው፤ «ለስንት ክረምት ይቆያል?» ብሎ የሚጠይቀውም አልነበረም። የመምረጥ ልማዳችን የተበላሸው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ዛሬ የራሱን ቤት የሚያድስ ሰው ይህን ልማድ ከዜሮ ይጀምራል። ቆርቆሮውን ራሳችሁ ግዙ። ነጋዴው «35 ነው» ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ስለዚህ 28 ከ35 ይወፍራል። አናጢውን ሚስማር የት እንደሚመታ ጠይቁት። መልሱ «ጉብታው ላይ» መሆን አለበት፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የሚመታ ከሆነ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ቀብድ ስጡ፣ ሙሉውን ግን አትስጡ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ከሁለት ክረምት በፊት የሠራውን ቤት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሲያሳያችሁም እሱን ውጭ አቁማችሁ ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት እንዳለ ከባለቤቲቱ ጋር እዩ።