አባንና ሹም

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት ስለ ሹመኛ ሆድ ብዙ ይነግረናል። ሹሙን ማን እንደመረጠው፣ ሲያጠፋስ ለማን እንደሚጠየቅ ግን አያነሣም። ስለ ፖሊስ አዛዥ አመራረጥ በተወራ ቁጥር ከጀርባ ያለው ጥያቄ ይኸው ይመስለኛል። በድንበር መንገድ ላይ ባለ አገር ደግሞ ጥያቄው ሌላ ይወልዳል፤ ሌባ እንዲይዝ የተሾመው ሰው የመንገደኛውንም ወረቀት ይመርምር? ዋሂልና ጀልዴሳ ላሉበት ለድሬዳዋ ገጠር ይህ አዲስ ጉዳይ አይደለም።

ባቡር ሳይመጣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ መንገድ በጀልዴሳ ያልፍ ነበር። ነጋዴው የሶማሌን ቆላ የሚያቋርጠው “አባን” ይዞ ነው። አባን መንገድ መሪም፣ አስተርጓሚም፣ ደላላም፣ ዋስም ነበር። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል የተደፈሩት አባኑና ጎሳው ናቸው። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እንኳ ያለ አባን ከዘይላ አልወጣም። ሥርዓቱ ጻድቅ ነበር አልልም፤ እጅ መንሻ እያበዛ መንገደኛውን የሚያስመርር አባን አልጠፋም። ነገር ግን አባኑ የማን ልጅ እንደሆነ አገሩ ያውቃል፤ ሲያጠፋም የሚወቅሰው ዘመድ አለው።

ሹም የመምረጥ ልማድም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የኢሳ ሶማሌዎች ኡጋሳቸውን የሚመርጡት 44 አባላት ባሉት ሸንጎ ነው። ይህ የቃል ሕጋቸው፣ “ሄር ኢሳ”፣ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ የጀልዴሳ በር ከሐረር በሚታዘዝ ዘብና ቀረጥ ተቀባይ እጅ ገባ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰና መንገዱም፣ ጀልዴሳም ተረሱ። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል ደግሞ ፈረንሳዊውን ተከሳሽ ለቆንስሉ ዳኝነት ሰጠው። የቀድሞው እንግዳ የአገሩን ልጅ አባን አድርጎ ይገባ ነበር፤ አዲሱ ግን ቆንስሉን ተመክቶ ገባ። የአገሩ ሰው በመካከሉ ዋስም ዳኛም መሆኑ ቀረ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የፖሊስ አዋጅ ወጣና ፖሊስ ከማዕከል የሚታዘዝ ሠራዊት ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሥራውን ለየው፤ ክልሎች የየራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ፣ ፓስፖርትን፣ ወደ አገር መግባትንና መውጣትን፣ ስደተኞችን የሚመለከተውን ግን በአንቀጽ 51 ለፌዴራሉ መንግሥት አስቀረ። በ1996 ዓ.ም. ቻርተር የተሰጣት ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፤ ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች በወረቀት ላይ ቢለያዩም በመንገድ ላይ ለመቀላቀል ይቀርባሉ።

ሙግቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አሜሪካ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣ ሕግ የአካባቢ ፖሊስ በስምምነት የኢሚግሬሽን ሥራ እንዲሠራ ፈቅዷል። በብዙ አውራጃዎች ሸሪፉን ሕዝብ በድምፅ ስለሚመርጠው፣ ይህን ስምምነት መፈረም አለመፈረሙ የምርጫ ክርክር ይሆናል። ደጋፊው “ሕግ ሕግ ነው” ይላል፤ ተቃዋሚው “ስደተኛው ፖሊስን ከፈራ የተዘረፈውን ማን ይናገራል?” ይላል።

እኔ የኋለኛው ይመዝንብኛል። በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በኦቦክ ባሕር ተሻግሮ ወደ የመን የሚጓዘው ወጣት ደላላውን በመልክ የሚያውቅ ምስክር ነው። ፖሊሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው መታወቂያውን ከሆነ ወጣቱ አፉን ይዘጋል፤ ደላላው በሰላም ያድራል። ከድንበሩ ማዶ ዘመድ ያለው ገበሬም እንደዚሁ ዝም ይላል። ድንበር አይጠበቅ ማለቴ አይደለም፤ ጠባቂው ሌላ፣ የሰፈሩ ሰላም አስከባሪ ሌላ ይሁን ነው የምለው።

የፖሊስ አዛዡን ከንቲባ ይሹመው፣ ሸንጎ ይምረጠው፣ ወይም ከአዲስ አበባ ይላክ፤ መለኪያው አንድ ነው፤ በደል የደረሰበት የዋሂል ሰውም ሆነ መንገደኛ ሳይፈራ ደጁን ያንኳኳል ወይ? አባኑ በዘመድ ይወቀስ ነበር። የዛሬውን አዛዥ የሚወቅሰው ማን ነው?