አመድ ለቲማቲም፦ ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት?

ሐዋሳ ውስጥ ጓሮ ያለው ቤት ብትገቡ ጥቂት የቲማቲም እግሮች ማየታችሁ አይቀርም። ተክሉ ሲቀጭጭ ወይም ቅጠሉ ሲጠቁር ደግሞ ምክር ሞልቷል፦ «አመድ ነስንሱበት»፣ «የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታችሁ ጨምሩ»፣ «ወተት በውኃ በጥብጣችሁ እርጩ»። ታዲያ የትኛው ይሠራል? ይህን ለመመለስ የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ አብረን እንይ።

ከአመዱ እንጀምር። በሐዋሳ ዙሪያ ባለው የሲዳማ ገጠር የምድጃ አመድና የከብት ፍግ ወደ እንሰቱ ጓሮ ይሄዳል። ብዙውን ጊዜ ሥራው የሴቶች ነው። ላቦራቶሪ ሳያስፈልጋቸው፣ ከአፈሩ የወሰዱትን ለአፈሩ መመለስ እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

ለምን እንደሚሠራ የገባን በኬሚስትሪ ነው። በአውሮፓ ሰዎች አመድ በውኃ ዘፍዝፈው፣ ውኃውን በድስት አፍልተው ነጭ ጨው ያወጡ ነበር፤ ለሳሙናና ለመስታወት ሥራ ይፈለጋል። ስሙም ፖታሽ ነው፤ ቃል በቃል «የድስት አመድ» ማለት። እ.ኤ.አ. በ1807 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በፖታሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ አዲስ ንጥረ ነገር ለየ፤ ፖታሲየም አለው። በ1840 ደግሞ ጀርመናዊው ዩስቱስ ሊቢግ ተክሎች ከአፈር ማዕድን እንደሚመገቡ በመጽሐፍ ሞገተ። ቲማቲም ፍሬ ሲይዝ በብዛት ከሚፈልጋቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ይኸው ፖታሲየም ነው። ስለዚህ አመዱ በእርግጥ ምግብ ነው።

ግን ሙሉ ምግብ አይደለም። እንጨቱ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ እሱን ከፍግ ወይም ከብስባሽ ማግኘት አለባችሁ። አመድ የአፈርን አሲድነት ስለሚቀንስ ደግሞ፣ መጀመሪያውኑ አሲዳማ ባልሆነ አፈር ላይ ሲበዛ ብረትና ዚንክ ለሥሩ በቀላሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል። እፍኝ ካለ በቂ ነው፤ ባልዲ አያስፈልግም።

የእንቁላል ቅርፊትም ካልሲየም አለው፤ ችግሩ አፈር ውስጥ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። የቲማቲሙ ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲበሰብስ ካልሲየም አልደረሰውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ካልሲየሙ ከአፈሩ ጠፍቶ ሳይሆን ውኃው አንድ ቀን በዝቶ፣ ሌላ ቀን ቀርቶ ነው። መፍትሔው ውኃውን እኩል ማጠጣት ነው።

እሺ፣ በደንብ የበላ ተክል አይታመምም? እዚህ ላይ ታሪኩ ይመርራል። የሊቢግ መጽሐፍ በወጣ በ5 ዓመቱ፣ በ1845፣ የአየርላንድ የድንች ማሳ መጥቆርና መበስበስ ጀመረ። ድንች የቲማቲም የቅርብ ዘመድ ነው። በረሃቡ ዓመታት 1 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። አንዳንድ ምሁራን ጥፋቱን በእርጥበቱ ላይ አደረጉ። ማይልስ በርክሌይ ግን በ1846 «ቅጠሉ ላይ የሚታየው ሻጋታ ራሱ ነው ገዳዩ» ብሎ ጻፈ። በ1861 አንቶን ደ ባሪ በሙከራ አረጋገጠው። ዛሬ ስሙ ፋይቶፍቶራ ኢንፌስታንስ ይባላል፤ ቲማቲምንም ያጠቃል። የእኛ ገበሬዎች «ምች» ይሉታል። ዝናብና ቅዝቃዜ ሲገጥሙለት ማሳውን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። እሱን አመድ አያቆመውም። ስልካችሁን መቶ በመቶ ቻርጅ ስላደረጋችሁ ቫይረስ አይገባውም ማለት ነው እንዴ?

መከላከያው ከየት መጣ መሰላችሁ? ከወይን ሌባ! በ1882 ፈረንሳዊው ፒየር ሚላርዴ በቦርዶ አካባቢ በወይን እርሻ ሲያልፍ፣ መንገድ ዳር ያሉት ተክሎች ብቻ ቅጠላቸው ጤነኛ ሆኖ አየ። ገበሬዎቹ አላፊ አግዳሚው ፍሬ እንዳይለቅም ኖራና ኮፐር ሰልፌት ረጭተውባቸው ነበር። ሚላርዴ እንዲሁ አምኖ አልተቀበለም፤ ፈተሸው፣ በ1885 ውጤቱን አሳወቀ። «የቦርዶ ድብልቅ» የሚባለው ይህ ነው። መዳቡ ቅጠሉ ላይ ቀድሞ ካለ ዘረ በሽታው እንዳይበቅል ያግዳል፤ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አያድንም። መዳቡ ራሱም ሲበዛ አፈርን ይጎዳል፤ ስለዚህ ያለ ባለሙያ ምክር ቤት ውስጥ አትቀላቅሉት።

ወተቱስ? በ1999 ብራዚላዊው ቫግነር ቤቲዮል ዝኩኒ ላይ ሞክሮት፣ ነጭ ዱቄት የሚመስለውን ሻጋታ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ልብ በሉ፦ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ምች አይደለም። «ወተት ይሠራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ «ለየትኛው በሽታ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ክረምቱ ሐዋሳ ሲገባ በነፃ የምትሠሩት አለ። ተክሎቹን አራርቁ፣ በእንጨት ደግፏቸው፣ ውኃውን ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አጠጡ፣ የጠቆረውን ቅጠል ቶሎ ቆርጣችሁ ከጓሮው አርቁ፣ ዘንድሮ ቲማቲም ወይም ድንች የነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትከሉ። የሰማችሁትን መድኃኒት መሞከር ካማራችሁ ደግሞ ግማሹን መደብ ብቻ ቀቡ፤ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱን ወገን ቆጥራችሁ አወዳድሩ። ሚላርዴም የመንገድ ዳሩን ከመሃሉ ጋር ባያወዳድር ኖሮ ምንም አያይም ነበር።