የጆሃንስበርጉ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤትና ምሩቃኑ

የማኅበራዊ ሥራ ሙያ፣ ማለትም ድህነት፣ ሕመም፣ የቤተሰብ መፍረስ ወይም ስደት የጎዳቸውን ሰዎች በጥናትና በሥልጠና በተደገፈ ዘዴ የመርዳት ሥራ፣ በአፍሪካ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በ1924 በኬፕታውን ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙያው በደቡብ አፍሪካ በፍጥነት የተስፋፋው ግን ለጥቁሮች ድህነት ታስቦ አልነበረም። ከ1929 እስከ 1932 በአሜሪካው የካርኔጊ ተቋም ገንዘብ የተካሄደው ሰፊ ጥናት ያተኮረው «ድሀ ነጮች» በሚባሉት፣ መሬታቸውን አጥተው ወደ ከተማ በፈለሱት፣ አፍሪካነር በሚባሉ የደች ዝርያ ነጮች ላይ ሲሆን፣ በ1937 የተቋቋመው የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በአብዛኛው ለእነርሱ የቆመ ነበር። በእነዚህ ዓመታት በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂና የማኅበራዊ ሥራ ፕሮፌሰር ሆነው ያስተማሩት፣ በ1934 በኪምበርሌይ ስለ ድሀ ነጮች የተደረገውን ጉባኤ በማደራጀትም ጉልህ ድርሻ የነበራቸው ሰው ሄንድሪክ ፈርቩርድ ይባላሉ፤ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የአፓርታይድን ሥርዓት ያነጹት እኚሁ ሰው ናቸው። የሙያውን ታሪክ የደጋግ ሰዎች ታሪክ ብቻ አድርጎ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይህን ስም ሊያልፈው አይገባም፤ የጥቁር ማኅበራዊ ሠራተኞችን የሕይወት ጉዞ ለመረዳትም መነሻው ይኸው ነው።

ጥቁሮችን ለዚህ ሙያ የማሠልጠኑን ሥራ የጀመሩት ሬይ ፊሊፕስ የተባሉ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ሲሆኑ፣ በ1918 ጆሃንስበርግ ሲደርሱ ያገኙት ከተማ በወርቅ ማዕድን ዙሪያ የበቀለ፣ ከገጠር የመጡ ወንዶች ያለ ሚስትና ያለ ልጅ ኮምፓውንድ በሚባሉ የታጠሩ የሠራተኛ ግቢዎች ውስጥ የሚያድሩበት፣ አድማና ግጭት የማይለየው ቦታ ነበር። ፊሊፕስ የከተማው ችግር ከሥራ ሰዓት ይልቅ ከዕረፍት ሰዓት ይመነጫል ብለው ስላመኑ በየኮምፓውንዱ እየዞሩ ሲኒማ ያሳዩ ነበር፤ በ1922 ነጭ የማዕድን ሠራተኞች ባመፁ ጊዜም ጥቁሮቹን ሠራተኞች በፊልም ለማረጋጋት ሞክረዋል። በ1924 የተከፈተው የጥቁር ወንዶች ማኅበራዊ ማዕከልም ቤተ መጻሕፍቱን፣ የሙዚቃና የክርክር ክበቦቹን፣ ስፖርቱንም ይዞ የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ሲሆን፣ ፊደል የቆጠረው ወጣት ምሽቱን በመጠጥ ቤት ወይም በአክራሪዎች ስብሰባ እንዳያሳልፍ የታሰበ መጠለያ ነበር። ሐሳቡ ምን ያህል እንደሠመረ ለመመዘን አንድ ነገር መጥቀስ ይበቃል፤ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን ከአቤቱታ አቅራቢነት ወደ ትግል የገፋው የወጣቶች ሊግ በሚያዝያ 1944 የተመሠረተው በዚሁ ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ነው።

የያን ሆፍሜየር የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1941 በፊሊፕስ መሪነት ሲከፈት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኢንዱስትሪ ሳቢያ የጆሃንስበርግ ጥቁር ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ200 ሺህ ትንሽ ከፍ ካለ ቁጥር ተነስቶ ወደ 400 ሺህ እየተጠጋ ነበር። ትምህርት ቤቱ ስሙን ያገኘው በጠቅላይ ሚኒስትር ያን ስመትስ መንግሥት የገንዘብና የትምህርት ሚኒስትር ከነበሩት ለዘብተኛ ፖለቲከኛ ከያን ሆፍሜየር ነው። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጅ ነበር፤ ተማሪዎቹም ከደቡብ አፍሪካ ብቻ ሳይሆን ከሮዴዥያና ከሞዛምቢክ ጭምር የመጡ ናቸው። ከክፍል ትምህርቱ ጎን የመስክ ልምምድ ግዴታ ስለነበር፣ ተማሪው የጉዳይ ክትትልን፣ ማለትም የአንድን ግለሰብ ወይም ቤተሰብ ችግር ከሥር እያጠኑ በመዝገብ ይዞ እስከ መፍትሔው መከታተልን፣ እንዲሁም ወጣቶችን በክበብ የማደራጀትን ዘዴ የሚማረው በመንደር ውስጥ እየተዘዋወረ ነበር።

ይህ የጉዳይ መዝገብ ከሚታሰበው በላይ ትልቅ አስተማሪ ነበር ማለት ይቻላል። ለአብነት ያህል፣ የሆፍሜየር ስም የሚነሣበት የ1944ቱ ሕግ የእርጅና ጡረታን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥቁሮች ሲፈቅድ ክፍያው ለነጮች ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነበር፤ በዚያም ላይ ለከተማ፣ ለአነስተኛ ከተማና ለገጠር ኗሪ ተለያይቶ የተመደበ ነበር። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ የአንዲት አሮጊትን ማመልከቻ የሚሞላ ባለሙያ ድህነቷ ከባሕርይዋ ወይም ከቤተሰቧ ድክመት እንዳልመጣ፣ ይልቁንም በሕግ አንቀጽ ተለክቶ እንደተሰጣት ለማየት ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ባልየው ጥቁሮች በከተማ እንዲኖሩ የሚፈቅደው የይለፍ ወረቀት ስለሌለው ከከተማ ሲባረር፣ ቤቱ በባል ስም ብቻ ስለሚመዘገብ ሚስትና ልጆች ጎዳና ሲወድቁ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛው መዝገቡ ላይ የሚጽፈው «ምክንያት» ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ቢሄድ ያው ይሆንበታል። ከትምህርት ቤቱ ምሩቃን በርካቶች ወደ ትግል መግባታቸውን እንደ ድንገተኛ አጋጣሚ፣ ወይም እንደ ጥቂት ሰዎች ልዩ ተሰጥኦ አድርጎ መቁጠር ስለዚህ አያስኬድም፤ ሙያው ራሱ ወደዚያ ይወስድ ነበር።

ለዚህ የጆሹዋ ንኮሞ ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ነው። ንኮሞ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1947 ወደ ቡላዋዮ ሲመለሱ የሮዴዥያ ምድር ባቡር በማኅበራዊ ሠራተኛነት የቀጠራቸው የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ። ባቡሩ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1945፣ በጥቁር ሠራተኞቹ ታላቅ አድማ ቆሞ የነበረ ስለሆነ፣ ኩባንያው የሚፈልገው በሠራተኛውና በአስተዳደሩ መካከል ሆኖ ቅሬታን የሚያለዝብ ሰው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። የሠራተኛውን ቤት፣ ደመወዝና ሕመም በየዕለቱ የሚያይ ሰው ግን አለዝቦ አልቀረም፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጥቁር ምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር መሪ ሆኑ፣ ከዚያም የደቡብ ሮዴዥያን ብሔራዊ ኮንግረስ፣ በ1961 ደግሞ ዛፑ የተባለውን የነጻነት ንቅናቄ መሩ። ሮዴዥያ ዚምባብዌ ተብላ ነጻ ከወጣች በኋላ ከሥልጣን ተባርረውና ለጥቂት ጊዜ ተሰድደው፣ ከ1987ቱ ስምምነት በኋላ ተመልሰው፣ በ1999 ሲሞቱ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ኤድዋርዶ ሞንድላኔም ከሞዛምቢክ መጥተው በዚህ ትምህርት ቤት ካለፉ በኋላ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፣ በ1948 ሥልጣን የያዘው የአፓርታይድ መንግሥት በ1949 ከአገር አስወጣቸው። ትምህርታቸውን በአሜሪካ እስከ ዶክትሬት ገፍተው፣ በተባበሩት መንግሥታት ሠርተው፣ በ1962 ዳሬሰላም ላይ የሞዛምቢክ የነጻነት ንቅናቄ የሆነው የፍሬሊሞ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በየካቲት 1969 በዚያችው ከተማ በጥቅል ተልኮላቸው በነበረ ቦምብ ተገደሉ።

ከሁሉ ይልቅ ሙያውና ፖለቲካው እንዴት እንደተጋመዱ የሚያሳየው፣ ከሁሉ ይልቅም ለፍርድ የሚያስቸግረው የዊኒ ማዲኪዜላ ሕይወት ነው። ዊኒ በ1953 ከፖንዶላንድ ገጠር ወደ ጆሃንስበርግ መጥተው በ1955 መጨረሻ ዲፕሎማቸውን ሲያገኙ አሜሪካ ሄደው የሚማሩበት ዕድል ቀርቦላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የባራግዋናት ሆስፒታልን ሥራ መረጡ። በዚያ የመጀመሪያዋ ጥቁር የሕክምና ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆኑ፤ ይህም የሕመምተኛውን ገቢ፣ መኖሪያና ቤተሰብ አጥንቶ ሕክምናው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ ባለሙያ ማለት ነው። በአሌክሳንድራ ሰፈር ስለ ሕፃናት ሞት ያደረጉት ጥናት የሕዝቡን ድህነት ጥልቀት እንዳሳያቸው ራሳቸው በኋላ መስክረዋል፤ ይህም ከኔልሰን ማንዴላ ጋር ከመጋባታቸው በፊት የሆነ ስለሆነ፣ ወደ ፖለቲካ የገቡት በባላቸው ምክንያት ብቻ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር ሚዛን አይደፋም። በ1958 የይለፍ ወረቀትን ተቃውመው ከሌሎች ሴቶች ጋር ሲታሰሩ የሆስፒታሉን ሥራ አጡ፤ በጆሃንስበርግ የሕፃናት ደኅንነት ማኅበር ያገኙትን ሥራም መንግሥት እንቅስቃሴያቸውን ለመግታት የጣለባቸው የእገዳ ትዕዛዝ በ1965 ሲጠብቅባቸውና ከሚኖሩበት የሶዌቶ ሰፈር ከኦርላንዶ እንዳይወጡ ሲከለከሉ ለቀቁ። በ1977 ብራንድፎርት ወደምትባል የማያውቋት ትንሽ ከተማ በግዞት ሲላኩም የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አቋቁመዋል። ወደ ሶዌቶ ከተመለሱ በኋላ በዙሪያቸው የተሰበሰቡት ወጣቶች የፈጸሙት ግፍ ግን ከታሪካቸው አይፋቅም፤ በ1991 በጠለፋ ወንጀል ተፈርዶባቸዋል፣ በይግባኝ እስራቱ በገንዘብ መቀጮ ቢለወጥም የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑ ለተፈጸሙት የመብት ጥሰቶች በፖለቲካም በሞራልም ተጠያቂ አድርጓቸዋል። ከተጠለፉት ልጆች አንዱ የ14 ዓመቱ ስቶምፒ ሴይፔ ተገድሎ መገኘቱ፣ በሕፃናት ደኅንነት ለሠራች ባለሙያ ከማናቸውም በላይ የሚከብድ ነው።

በዚያው ዘመን የሠለጠኑት ኤለን ኩዝዋዮ ሌላውን መልክ ያሳያሉ። አስተማሪ ሆነው ከቆዩ በኋላ፣ ዕድሜያቸው አርባ ሊሞላ ሲል፣ ከ1953 እስከ 1955 ማኅበራዊ ሥራ አጥንተው በከተማው ማዘጋጃ ቤትና በወጣቶች ክበቦች አገለገሉ፣ ከ1964 እስከ 1976 ድረስም የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን በትራንስቫል በዋና ጸሐፊነት መሩ። ከሶዌቶው አመፅ በኋላ የሶዌቶ ኗሪዎች ባቋቋሙት የአሥር ሰዎች ኮሚቴ ውስጥ ስለነበሩ ያለ ፍርድ አምስት ወር ታሰሩ፤ በ1985 ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው በአገሪቱ ታዋቂ የሆነውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የጥቁር ደራሲ መጽሐፍ ነበር። ለመጽሐፉ ዋጋ የሚሰጠው ከራሳቸው ይልቅ ስለማይታወቁት ሴቶች በመተረኩ ነው፤ የማኅበራዊ ሠራተኛ ዐይን ያለው ጸሐፊ ካልሆነ እንዲህ አይጽፍም። ወደዚህ ትምህርት ቤት ገብተው ወደ ሙዚቃና ወደ ድራማ ያዘነበሉት ጊብሰን ኬንቴ ደግሞ የጥቁር ሰፈሮች ቴአትር አባት ተብለዋል፤ የፊሊፕስ የዕረፍት ሰዓት አሳብ እንደታሰበው የፈካው ምናልባት በእርሳቸው ላይ ብቻ ነው።

በማዘጋጃ ቤት፣ በማዕድን ኩባንያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በሆስፒታል የቀሩት ብዙዎቹ ምሩቃን ስም ግን በታሪክ መጻሕፍት አይገኝም። ትምህርት ቤቱ ራሱም ዕድሜው አጭር ሆነ፤ ሥልጣኑ ፈርቩርድ እጅ በገባበት ጊዜ፣ በ1959 የወጣው ሕግ የጥቁሮችን ከፍተኛ ትምህርት በጎሣ በተከፋፈሉ ኮሌጆች ሲወስነው፣ የጆሃንስበርጉ ተቋም በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ለጥቁሮች ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ያስፈለገው ሙያው በዘር ስለተከፈለ ነበር፤ ክፍፍሉ ሲጠነክር ግን ያንኑ ትምህርት ቤት በላው።

በዚያው በ1959 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገብቶ ወደ ዲግሪ አደገ። በ1971 የተቋቋመው የአፍሪካ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ማኅበርም ዋና ጽሕፈት ቤቱን ያደረገው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ በመጡ መጻሕፍት ፋንታ አፍሪካዊ የጉዳይ ጥናቶችን ማሳተሙ እስከ ዛሬ የሚመሰገንበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ሕልውናው ቀርቶ ከሶሲዮሎጂ ጋር ተቀላቀለ፤ ሶሻሊዝም የድህነትን ሥር ይነቅላል ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ ቁስልን የሚያክም ባለሙያ የአሮጌው ሥርዓት ጠጋኝ ሆኖ ይታይ ነበር። የደቡብ አፍሪካው መንግሥት የፈራው ምሩቃኑ ሥርዓቱን እንዳይነቅፉበት ሲሆን፣ የኢትዮጵያው ደግሞ ሥርዓቱ ነቃፊ የማያስፈልገው መስሎት ነበር። ሙያው በዲግሪ ስም ሳይሰጥ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ በእነዚህ ዓመታት ረሀብ፣ ጦርነትና ወላጅ አልባነት በአገሪቱ ላይ ሲፈራረቁ ሸክሙን የያዙት ዕድር፣ ሃይማኖታዊ ተቋማት፣ የዕርዳታ ድርጅቶችና የሶሲዮሎጂ ምሩቃን ናቸው።

የማስተርስ ትምህርቱ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ከቺካጎው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ሲሆን፣ የዶክትሬቱ በ2006 ተከተለ። ትምህርት ቤቱን በዲንነት የመሩት ዶክተር አብዬ ታሴ በዚያው በ2004 የዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ፣ በዚህ ሥልጣን ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። የሥራ ዘመናቸው ያበቃው በ2008 ሲሆን፣ ማኅበሩ በዚያ ዓመት ጉባኤውን ያደረገው በደቡብ አፍሪካ፣ በደርባን ነው።