ሕፃናት ለምን ይማታሉ? ሲሰደቡስ ምን ያድርጉ?

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ሲማታ፣ ሲነጥቅ ወይም ሲናከስ ‹‹ባለጌ›› ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ራስን መግዛት በዚህ ዕድሜ ገና በጅምር ላይ ያለ ነገር ነው። ስሜትን የሚገታው የአንጎል የፊት ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ መማር አለበት እንጂ ዝም ተብሎ መተው የለበትም።

ዋልተር ሚሼል የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሕፃናት ፊት ጣፋጭ አስቀምጦ፣ ከታገሡ ሁለት እንደሚያገኙ ነገራቸው። መታገሥ የቻሉት ብዙዎቹ ዓይናቸውን ያዞሩ ወይም ለራሳቸው ያንጎራጎሩ ነበሩ። (ፈተናው የልጁን የወደፊት ሕይወት ያሳያል መባሉን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አዳክሞታል፤ የቤተሰብ ኑሮም ድርሻ አለው።) ለእኛ የሚጠቅመው ዘዴው ነው። ‹‹ስትናደድ እጅህን ወደ ኋላ አድርግ፣ ዞር በል፣ እቴቴን ጥራ›› ብለን ልጁ ሳይናደድ በፊት፣ በጨዋታ መልክ ደጋግመን እናለማምደው። ልጅን እየመቱ ‹‹አትማታ›› ማለት ግን ምን ያስተምራል? በትምህርት ቤት መግረፍን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከልክሏል።

የክፍል ጓደኞች ስድብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በመተከል ዞን የሕዳሴው ግድብ የሚገኝባትን ጉባን እናስብ። በጉሙዝኛ አፉን የፈታ ልጅ አማርኛ ከሚናገር ልጅ ጋር አብሮ ሲማር፣ አነጋገሩ ወይም የቆዳው ቀለም መሳለቂያ ሊሆን ይችላል። ‹‹ሻንቅላ›› የሚለው ስም ጉሙዞች ለባርነት ይታደኑበት ከነበረው ዘመን የቀረ ስድብ ነው፤ ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነበር። የአምስት ዓመት ሕፃን ይህን ቃል ከራሱ አያመነጭም፤ ከትልልቅ ሰዎች አፍ ይሰማዋል። ስለዚህ ወላጆች፣ አስቀድመን በቡና ሰዓት ስለ ጎረቤት የምንናገረውን እንመርምር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በነበረው ግጭት ቤታቸው የተፈናቀለባቸው ልጆች መኖራቸውንም አንርሳ፤ የሚማታው ልጅ የፈራ ሊሆን ይችላል።

ለተሰደበው ልጅ አጭር መልስ አስጠኑት፦ ‹‹ስሜ ይህ አይደለም፤ በስሜ ጥራኝ››። ይህን ብሎ ወደ መምህሩ ይሂድ። መንገር ማሳበቅ እንዳልሆነም ንገሩት። ‹‹ታረቁ፣ ተሳሳሙ›› ብላችሁ ወዲያው አታስገድዱ፤ መጀመሪያ እያንዳንዱን ለብቻው አድምጡ። ነገሩ ከቀጠለ በንዴት ወደ ሌላው ልጅ ቤት ሳይሆን ወደ መምህሩ ሂዱ፤ ምን እንደተባለና መቼ እንደሆነ ይዛችሁ።